«ሊኑክስ ለጀማሪ አይሆንም» ለተባለው ጽሑፍ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

«ሊኑክስ ለጀማሪ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው የወሎ ሰው ነው፤ ስለ ደሴ፣ ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ወልዲያ እያነሳ ነው የጻፈው። ሊኑክስ ሚንትን የመሳሰሉ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን ለጀማሪ መምከር ሰውን ማንገላታት ነው ይላል። ምክንያቶቹንም ደርድሯል። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ይጠይቃል። ነጻ መሆኑ እዚህ አገር ትርጉም የለውም፤ ዊንዶውስም በነጻ ነው የሚጫነው። ባለቤት ስለሌለው አይታመንም፤ ድረ ገጹም ተጠልፎ ያውቃል። አማርኛ አይጻፍበትም። ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም። የሥራ ፕሮግራሞች የሉትም፤ የሒሳቡ ፒችትሪ፣ የንድፉ አውቶካድ፣ የጽሑፉ ወርድ አይሠሩበትም። ሲበላሽም ወሎ ውስጥ የሚጠግነው አይገኝም።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈ ይገባኛል። ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን እንዳያጣ ብሎ ነው። እኔም ኑሮዬ ደሴ ነው፤ እንጀራዬም ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሁለታችንም የምናስበው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሰነድ ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ፎቶ ለሚያስቀምጥ፣ ኢንተርኔት ለሚከፍት ሰው። ለዚህ ሰው የሰጠው ምክር ግን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ሚንት ጥቂት ልበል። ሚንት እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ገልብጦ ለሌላ መስጠትም ይፈቀዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ክሌማን ለፌቭር የተባለ ፈረንሳዊ ጀመረው። የተሠራው ኡቡንቱ በተባለ ሌላ ነጻ ሲስተም ላይ ነው። ኡቡንቱን ደግሞ በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ከሁሉም ሥር ያለውን ከርነል፣ ማለትም ሊኑክስ የሚባለውን የሲስተሙን እምብርት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ተማሪ ሳለ ጻፈው። ዛሬ ያ ከርነል በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ጀማሪ ሲል በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ዊንዶውስ የለመደ ሰው ነው። ሲ ድራይቭ፣ ዲ ድራይቭ እያለ ያደገ፣ ፕሮግራም ከፍላሽ አውጥቶ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያለ የሚጭን ሰው። እሱ ጀማሪ አይደለም። የለመደ ሰው ነው። ልማዱን መተው ይከብደዋል፤ ይህን አልክድም። ሚንት ላይ ሲቀመጥ «ሲ ድራይቭ የታለ?» ብሎ የሚጨነቀው እሱ ነው።

ዛሬ ወሎ ውስጥ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ሰው ግን ከስልክ ነው የሚመጣው። ቴሌግራም ያውቃል። ዩቲዩብ ያውቃል። ፕሌይ ስቶር ገብቶ የአፑን ስም ይጽፋል፣ ኢንስቶል የሚለውን ይጫናል፣ አለቀ። ሚንት ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሶፍትዌር ማኔጀር የሚባል ቦታ አለ። ትገባለህ፣ ስሙን ትጽፋለህ፣ ኢንስቶል ትላለህ። ከዚህም ከዚያም ፕሮግራም ለቃቅሞ መጫን የለም። ከስልክ ለመጣ ሰው ከዊንዶውስ ይልቅ ይሄ ነው የሚቀርበው። መልኩም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ከታች በግራ በኩል ሜኑ አለ፣ ከታች በቀኝ ሰዓትና ዋይፋይ አለ፣ መስኮቱን የሚዘጋው ምልክትም ከላይ በቀኝ ነው።

መርሳ የሚኖሩ አንዲት እናት ላፕቶፕ ይዘው መጥተው ነበር። ልጃቸው ከሳዑዲ የላከችላቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ የዓረብኛ ፊደል ተጽፎበታል፤ ዊንዶውሱም የሚያናግራቸው በዓረብኛ ነው። ለዚያውም ማሽኑ አርጅቶ፣ አንድ ነገር ለመክፈት ቡና ያስፈላል። የፈለጉት የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ ማየት፣ መንዙማ መስማትና ከልጃቸው ጋር በቴሌግራም ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ነው። ሌላ ምንም አልፈለጉም። ሚንት ጫንኩላቸው፤ የሚፈልጓቸውን ምልክቶች ከታች በመደዳ አስቀመጥኩላቸው። እሳቸው ጥቁሩን መስኮት አይተውት አያውቁም፤ የሚያዩበትም ምክንያት የለም።

ትእዛዝ መጻፍ ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። ችግር ገጥሞህ ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስትፈልግ፣ ብዙ ሰው የሚሰጥህ መልስ «ይህን መስመር ገልብጠህ ለጥፍ» የሚል ነው። ጸሐፊው ያንን አይቶ ይሆናል። ግን መልስ ሰጪው ያንን የሚመርጠው ለእሱ ስለሚያጥርለት ነው። አብዛኛውን ነገር በማውዝ መጨረስ ይቻላል።

«ዊንዶውስም እዚህ በነጻ ነው» የሚለው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙ ሰው የሚያሳምነው ይሄ ነውና።

ደሴ ውስጥ ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚከፍል ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። ይህ እውነት ነው። ሰው የሚከፍለው ለፎርማት ነው፤ ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለማስጫን። ደግሞ አንዴ ከፍሎ አይገላገልም። ይከፍላል፣ ጥቂት ወራት ይሠራበታል፣ ማሽኑ መንቀርፈፍ ይጀምራል፣ መጥቶ እንደገና ይከፍላል። በየመሃሉ የጠፋው ፎቶ፣ የጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጠፋው የሱቅ ሒሳብ በዋጋ አይተመንም። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ጸሐፊው አልቆጠረውም እንጂ።

ያልተገዛን ፕሮግራም እንደ ተገዛ የሚያሠራው ክራክ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራም ሰው ማወቅ አለበት። ዊንዶውሱ ተገዝቷል ብሎ ራሱን እንዲያታልል የሚያደርግ አክቲቬተር አለ። አክቲቬተሩን ለማስነሳት መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይልሃል። አስበው እንግዲህ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፕሮግራም፣ ዘበኛውን አስወጣልኝና ልግባ ይልሃል፣ አንተም እሺ ትላለህ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ አንተም አታውቅም፣ የጫነልህም ልጅ አያውቅም።

ከዚያ ፍላሹ ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ሰነድ ያሳተመ ሁሉ ያውቀዋል። ፍላሽህን ሰክተው፣ አትመው፣ ነቅለው ይሰጡሃል። ቤት ገብተህ ስትከፍተው ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ትንሽ ምልክት) ሆነዋል። እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎ ባይት ነው የሚሉት። ሰው ይደነግጣል። «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርግ አለ፤ ያኔ እውነትም ይጠፋል። ሾርትከቱን የሚጫን አለ፤ ያኔ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል።

ያንኑ ፍላሽ ሚንት ላይ ሰካው። ሾርትከቶቹ ይታያሉ፤ አጠገባቸው ግን እውነተኞቹ ፎልደሮችም ቁጭ ብለዋል። ቫይረሱ ያደረገው ነገር ቢኖር በዊንዶውስ አሠራር መደበቅ ነው፤ ሚንት ደግሞ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ አይከተልም። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ፋይል ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ያጉራል። እሱም ይታያል። ፋይልህን አውጥተህ፣ ቆሻሻውን አጥፍተህ፣ ፍላሹን አጽድተህ ትመለሳለህ። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ብትጫነውም እዚህ አይነሳም። ሊኑክስን ቫይረስ ጨርሶ አይነካውም አልልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚዞረው ቫይረስ ግን ሚንትን አይነካውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደውን የጠለፋውን ጉዳይ እዚሁ ልጨርሰው። እውነት ነው። በፌብሩዋሪ 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ፣ የሚወርደው ፋይል በተበከለ ቅጂ ተተክቶ ነበር። ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተጠቃሚዎች መረጃም ተወስዷል። ነገር ግን ይህን እኔና ጸሐፊው እንዴት አወቅን? ሠሪዎቹ ራሳቸው ወዲያው ወጥተው ስለተናገሩ ነው። የትኛው ቅጂ እንደተነካ፣ በየትኛው ቀን ያወረዱ ሰዎች መጠንቀቅ እንዳለባቸው፣ ያወረዱትን እንዴት እንደሚያረጋግጡ ጻፉ። በፍላሽ የሚዞረው ክራክ ዊንዶውስ ቢበከል ማን ነው ወጥቶ የሚነግረን? «ባለቤት የለውም» የሚለው ነጥብ በትክክል የሚሠራው ለእሱ ነው። ሚንት ባለቤት አለው። በሰዎች መዋጮና በስፖንሰር ይተዳደራል፤ ማን ምን ያህል እንደሰጠም በየወሩ ያወጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሳውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለአንድ ዓመት የሚራዘም የጥበቃ ማሻሻያ አለ፤ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለሚገኝ ቀዳዳ ደፋኝ የለም። «ታዲያ ዊንዶውስ 11 ይጫን» ሊባል ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። በኢንቴል ማሽኖች ከሆነ በመደበኛው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚቀበለው። እኔ ጋ የሚመጣው ላፕቶፕ ደግሞ አብዛኛው 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ ጀነሬሽን ነው።

ለምን እንደሆነ ለወሎ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። ትምህርት ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሱቁ ኮምፒውተሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ የሚገባው በአብዛኛው ያገለገለ ማሽን ነው። እነዚህን ማሽኖች ጥለህ አዲስ ግዛ ማለት አንችልም። ሚንት 2 ጊጋ ባይት ራም ይበቃኛል ይላል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ ማሻሻያ ይደርሰዋል። አሮጌ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው አዲሱ ዓይነት ማከማቻ) ከተቀየረለት ደግሞ 4ኛ ጀነሬሽኑ ላፕቶፕ ገና ብዙ ይሠራል።

«አማርኛ አይጻፍበትም» የሚለው ስህተት ነው። ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እዚህ ሰፈር አማርኛ መጻፍ ማለት ፓወር ግዕዝ ማለት ነው፤ ፓወር ግዕዝ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ አማርኛ የለም ብሎ መደምደም ለጸሐፊው ቀላል ሆኖለታል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛ የአንድ ፕሮግራም ንብረት አይደለም። ሚንት ላይ ሶፍትዌር ማኔጀር ገብተህ አይባስ ኤም 17 ኤን (ibus-m17n) የሚለውን መጻፊያ ትጭናለህ። ከዚያ የአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ፈልገህ ሴራ (sera) የሚለውን፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ የሚያስጽፈውን አጻጻፍ፣ ትጨምራለህ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትቀያየረው በኪቦርድ ነው። «ሰላም» ለማለት የs፣ የe፣ የl፣ የa፣ የm ቁልፎችን በተርታ ትመታለህ፤ «ሰላም» ብሎ ይወጣል። ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ አለ፤ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ፎንት ከተባለ ኖቶ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም በነጻ የሚገኙ፣ ለዓይን ደስ የሚሉ ፊደሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ። ፓወር ግዕዝ ላይ ለዓመታት የጻፉ የኮምፒውተር ጸሐፊዎች አሉ። ጣታቸው ሳያዩ ነው የሚሄደው። የሴራ አመታት ከፓወር ግዕዝ ስለሚለይ፣ እነሱን ሚንት ላይ አስቀምጠህ ጻፉ ብትላቸው ሥራቸው ይጓተታል። በገጽ እየተከፈለው ለሚኖር የኮምፒውተር ጸሐፊ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እሱን ቀይር አልለውም። ግን እሱ ጀማሪ አይደለም፤ የጽሑፉ ርዕስ ስለ ጀማሪ ነው።

የድሮ ሰነዶች ጉዳይም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ሚንት ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጸሐፊው ይህን እንደ ማስረጃ አቅርቦታል። ያንኑ ሰነድ ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስ ላይ ይክፈተው፤ ያው ዝብርቅርቅ ነው የሚያየው። ችግሩ የፎንቱ ነው። ወሎ ውስጥ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የተቀመጡ የድሮ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየሩ አንድ ቀን የሚያነባቸው አይገኝም። ይህ ከሊኑክስና ከዊንዶውስ ክርክር በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ነው።

ኢንተርኔትን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ኢንተርኔት ካላገኘ የማይሠራ ነገር መምከር አይገባም። ሚንት ግን እንደዚያ አይደለም። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካወረደው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ከደሴ ከተማ ወጥቶ ኩታበርም ይደርሳል፣ ቢስቲማም ይደርሳል። ደግሞ መገልበጡ በፈቃድ ነው፤ ማንም ሌባ አይልህም። ሲጫንም ኢንተርኔት ሳይጠይቅ ይጫናል። ተጭኖ ሲነሳ መጻፊያው ሊብሬ ኦፊስ፣ ፋየርፎክስ፣ የፎቶና የቪዲዮ ማያው አብረውት አሉ። ባዶ ዊንዶውስ ላይ ግን ኦፊሱን ለብቻው ትፈልጋለህ፤ ከዚያም ኦፊሱን ክራክ ታደርጋለህ።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው በኋላ ለሚጨመሩ ነገሮች ነው፤ የአማርኛውን መጻፊያ ጨምሮ። አንዳንድ የቪዲዮ ኮዴኮችም (ቪዲዮ ለመክፈት የሚያስፈልጉ ተጨማሪዎች) እንዲሁ። እሱን በስልክ ዳታ መጨረስ ይቻላል። ስለ ዳታ ካነሳን ደግሞ፣ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ዊንዶውስ ያገናኘ ሰው ጥቅሉ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲያልቅበት አይተናል። ዊንዶውስ ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ፣ ሳይጠይቅህ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። ማስቆም ይቻላል፤ ጀማሪው ግን ማስቆሚያውን የት ያውቀዋል? ሚንት ማሻሻያ ሲኖር ከታች ምልክት ያሳይሃል። መቼ እንደሚወርድ፣ ምን ያህል እንደሆነ አይተህ የምትወስነው አንተ ነህ።

የሥራ ፕሮግራሞችን ጉዳይ በአጭሩ። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ አውቶካድ የሚማር ልጅም ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ፎቶሾፕ ላይ እንጀራውን ለሚበላ ፎቶ ቤትም እንዲሁ። በዚህ ጸሐፊው ትክክል ነው፤ ዋይን በሚባለው መንገድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሚንት ላይ ይነሳል እያሉ እነዚህን ሰዎች ተስፋ የሚሰጧቸው ልጆችም ቢተዉ ይሻላል።

በወርድ ላይ ግን ብዙ አጋኗል። ሊብሬ ኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ በወርድ ዓይነትም ያስቀምጣል። ሠንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ ሲሆን መስመር ሊዛነፍ ይችላል። መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የወሎና የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ለማሳተም ስትሄዱ ወርዱን አትውሰዱ፣ ፒዲኤፍ አድርጉት። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ፒዲኤፍ ማድረጊያው ከላይ ባለው መደዳ ላይ ነው። ፒዲኤፍ የትም ኮምፒውተር ላይ ቢከፈት አይዛነፍም፤ የአማርኛ ፎንቱም አብሮት ይሄዳል። ወርድ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ተማሪ በዊንዶውስም ቢሆን ገጹ ተገለባብጦ፣ ማውጫው ተዛብቶ ነው የሚወጣለት።

የቀረው «ሲበላሽ የሚጠግነው የለም» የሚለው ነው። ከሁሉም ከባዱ ነጥብ ይሄ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ወርደህ «ሚንት ትጠግናለህ?» ብትል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ይህን አልሸፋፍንም። ዋይፋዩ አልሠራ ሲል ምን ላድርግ የሚል ሰው አጠገቡ የሚረዳው ይፈልጋል። በተለይ ብሮድኮም የሚባል የዋይፋይ ካርድ ያለባቸው ላፕቶፖች መጀመሪያ ላይ ያስቸግራሉ። መፍትሔው ስልክን በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማጋሪያውን) መክፈትና ድራይቨር ማኔጀር ላይ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ መጫን ነው። ቀላል ነው፤ የሚነግረው ከሌለ ግን ለጀማሪው ቀላል አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር ልጠይቅ። ዊንዶውስን ማን ነው የሚጠግነው? እኛ ባለሙያዎቹ የምናደርገው መጠገን ነው ወይስ ፎርማት? ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታይ ሁሉም ነገር በፎርማት ነው የሚፈታው። ባለቤቱም ተላምዶታል። ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል አለ። ሲስተሙ ደህና በነበረበት ጊዜ ምስሉን ይይዛል። አንድ አፕዴት ወይም አንድ ፕሮግራም ካበላሸው ወደ ደህናው ቀን ትመልሰዋለህ፤ ፎቶህና ሰነድህ ባሉበት ይቆያሉ። ማሽኑን ለሰው ሳስረክብ መጀመሪያ የማስተካክለው እሱን ነው። የግል ፋይልን ግን ታይምሺፍት እንደማይጠብቅ፣ ፎቶና ሰነድ ለብቻ ሌላ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት አብሬ እነግራለሁ።

ደግሞ ጸሐፊው የለም ያለው ባለሙያ በሌላ በር አለ። ዊንዶውስ አልነሳ ሲል፣ ውስጡ ያለው ፎቶ ሳይጠፋ ለማውጣት እኔ የምጠቀመው የሚንት ፍላሽ ነው። ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳዋለሁ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጫን ሚንቱ ከፍላሹ ላይ ይሠራል። የሰውየውን ፎልደር ከፍቼ የሠርጉን ቪዲዮ፣ የልጆቹን ፎቶ፣ የቤቱን ካርታ ስካን ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። ይህን የሚያደርጉ ሌሎች ጠጋኞችም አውቃለሁ። ሲስተሙን ያውቁታል፣ በየጊዜው ይነኩታል፤ ለደንበኛ ግን አያቀርቡትም። እነሱ ቢያቀርቡት የባለሙያ እጦቱ ወሬ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ይህን የምለው ከልቤ ነው፦ ደንበኛው ፎርማት ብሎ ሲመጣ ማሽኑ ያረጀ ከሆነ፣ ፒችትሪም አውቶካድም የማይነካ ሰው ከሆነ፣ ሁለተኛ ምርጫ እንዳለው ንገሩት። አሳዩት። ካልወደደው ዊንዶውሱን ጫኑለት።

ጸሐፊውን የምጠይቀው ጽሑፉን እንዲያጠፋው አይደለም። ስለ ፒችትሪና ስለ አውቶካድ የጻፈው አንቀጽ እንዳለ ይቆይ፤ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ስለ አማርኛ የጻፈውን ግን ቢያርመው ጥሩ ነው፤ ብዙ ተማሪ አምኖት ይቀራል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ መቼ እንደቆመም ይጨምርበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ «አይሆንም» ከማለቱ አጠገብ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ እንደሚሞከር ይጻፍ። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ ፕሪንተሩ ይሠራ እንደሆነ ሰው ራሱ ነካክቶ ያያል። ካልሆነለት ፍላሹን ነቅሎ ማሽኑን መልሶ ያስነሳዋል፤ ዊንዶውሱም እንደነበረ ነው።